ከዲማ ይዤው የመጣሁት



ሙስሊም መንገደኛ ጎጃምን ለማየት ካሰበ በሁዳዴ ጾም ቢሄድ ይበጀዋል። በየምግብ ቤቱ «ሥጋው የእስላም ነው ወይስ የክርስቲያን?» እያለ አስተናጋጅ ማስጨነቅ አይኖርበትም። ሽሮው ሽሮ ነው፤ ምስሩም ምስር ነው። ይህን ምክር የለገሰኝ አብሮኝ የሚያስተምር የዲማ ተወላጅ ክርስቲያን ጓደኛዬ ነው። «በሌላ ጊዜ ብትመጣ እናቴ ዶሮ ትሠራልህና አንተ አትበላላትም፤ ሁለታችሁም ትከፋላችሁ። በሁዳዴ ግን ሁላችንም እኩል ነን» አለኝ። ምክሩን ተቀብዬ በ2015 ዓ.ም. የካቲት ማብቂያ ላይ፣ የኛም ሻዕባን በተጋመሰበት ሰሞን፣ አብሬው ተነሣሁ።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የአባይን በረሃ ተሻግሮ ደጀን የደረሰ ሰው ሁለት መንገድ ያገኛል። አንደኛው በሉማሜ አድርጎ ወደ ደብረ ማርቆስ ይወስዳል፤ ሁለተኛው በቢቸናና በሞጣ በኩል ዞሮ ባሕር ዳር ይገባል። ዲማ የሚገኘው በዚህ በሁለተኛው መንገድ በኩል፣ በቢቸና አካባቢ ነው። አገሩ ሰፊ የጤፍ ሜዳ ነው። ወደ ምዕራብ ሲመለከቱ ከፍታው ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው የጮቄ ተራራ ይታያል። ዲማ ጊዮርጊስ በቅኔ ትምህርቱ ስሙ የታወቀ የቆየ ገዳም ነው። ንባብ የሚወድ ኢትዮጵያዊ ግን ዲማን ይበልጥ የሚያውቀው በ1958 ዓ.ም. በታተመው በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። በዛብህ የሰብለ ወንጌል አስተማሪ ሆኖ የሚገባው ከዲማው ባላባት ከፊታውራሪ መሸሻ ቤት ነው። መጽሐፉን ያላነበበውም ቢሆን ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲተርከው ሰምቷል።

«አንድ የመድረሳ ልጅ ከዚያ ምን ያደርጋል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። እውነቱን ልናገር፤ ወደ ዲማ የወሰደኝ የአባቴ ዕዳ ነው።

አባቴ (አላህ ይዘንለትና) ልብስ ሰፊ ነበር። ሶላት አያሳልፍም፤ ሰው አያማም፤ ከሁሉም በላይ ግን ተጫዋች ነበር። ልብስ የሚያሰፋ ደንበኛ «መቼ ይደርሳል?» ሲለው «ኢንሻ አላህ ሳትወፍር» ይላል። የወጋየሁን ትረካ ከራዲዮ በካሴት ቀድቶ አስቀምጦ ስለ ነበር የስፌት መኪናውን እየረገጠ ደጋግሞ ይሰማው ነበር። ጉዱ ካሣ በተናገረ ቁጥር መኪናውን አቁሞ ይስቃል። «ይህቺን ዲማ ሳላያት አልሞትም» ይል ነበር። ሳያያት ሞተ።

እኔ ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ዲኔን ጠበቅ አድርጌ ያዝሁ። ይህ የአላህ ጸጋ ነውና ዛሬም አልሐምዱሊላህ እላለሁ። ነገር ግን ከጸጋው ጋር አንድ በሽታ አብሮኝ ገባ። ፊትን ማኮሳተር የኢማን ምልክት መሰለኝ። ታናሽ እኅቴ ስትቀልድ እገሥጻታለሁ፤ ጓደኞቼ ኳስ ሲጫወቱ ቆሜ አላይም። አንድ ቀን ለእረፍት ወደ ቤት ስመጣ አባቴ ካሴቱን ከፍቶ እየሰፋ አገኘሁት። «አባዬ፣ ይህ እኮ ለግው ነው። ጊዜህን በዚክር ብታሳልፈው አይሻልም?» አልኩት። አባቴ ቀና ብሎ አየኝ፤ አንድም ቃል ሳይመልስ ካሴቱን አጠፋ። ካሴቶቹንም ሰብስቦ በብስኩት ቆርቆሮ ከተታቸው። ከዚያ ወዲህ እኔ ስገባ ቤቱ ዝም ይል ጀመር። እኔም ያንን ዝምታ አክብሮት መስሎኝ ደስ ይለኝ ነበር።

አባቴ በ2011 ዓ.ም. ወደ አኼራ ሲሄድ ስለዚያ ቀን ይቅርታ አልጠየቅሁትም ነበር። ወደ ዲማ የሄድኩት እንግዲህ እሱ ያላያትን በዓይኔ አይቼለት ልመለስ ብዬ ነው።

የአባይ በረሃ

የአባይ በረሃ ሰውን ሁሉ እኩል ያደርጋል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ታች ስንወርድ ብርዱ ጠፍቶ ሙቀቱ እየጨመረ መጣ፤ ጋቢ ለብሶ የተሳፈረው ሁሉ አንድ በአንድ ያወልቅ ጀመር። በጃፓን መንግሥት እርዳታ ከተሠራው ድልድይ ስንደርስ አንዲት እናት በእመቤታችን ስም ተማጸኑ፤ እኔ ደግሞ በልቤ የመንገድ ዱዓዬን አደረስሁ። ረዳቱ ወደኛ ዞሮ «የሁላችሁም ጸሎት ይሰማ እንጂ ፍሬኑንም ትናንት አሠርተነዋል» አለ። አውቶቡሱ በሣቅ ተሞላ። እኔም ሣቅሁ። ሣቄ ግን ከጉሮሮዬ አላለፈም፤ ከልቤ ሌላ ነገር ነበረና።

ቆቤን ከደጀን በፊት አውልቄ ከኪሴ ከትቼው ነበር። ማንም አላለኝም፤ ራሴ ፈርቼ ነው። የምንሄድበት መንገድ ወደ ሞጣ የሚወስደው መንገድ ነው። በሞጣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. መስጊዶች ተቃጥለዋል፤ የሙስሊሞች ሱቆችም ተዘርፈዋል። ያን ቀን በየቤታችን ያለቀስን ሁሉ አንረሳውም። ድርጊቱን ከልባቸው ያወገዙ ክርስቲያኖች ብዙ እንደ ነበሩም አውቃለሁ። ፍርሃት ግን በዕውቀት ብቻ አይለቅም።

ሙስሊም ለጎጃም እንግዳ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዘመን በየጁቤ አጠገብ የነበረው የባሶ ገበያ ከአባይ ማዶ የሚመጣው የቡና፣ የወርቅ፣ የዝባድና የዝሆን ጥርስ፣ ያሳዝናል እንጂ የባሪያም ንግድ መገናኛ ነበር። ከሲራራ ነጋዴዎቹም ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ። ይህንን ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ ተናግሬአለሁ፤ ለራሴ ግን ያን ዕለት መናገር አቃተኝ።

የየኔታ ቤት

የጓደኛዬ አባት በወጣትነታቸው ቅኔ የተማሩ፣ በኋላም ያስተማሩ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ናቸው። መንደሩ ሁሉ «የኔታ» ይላቸዋል፤ እኔም እንዲሁ አልኳቸው። ከደጃፉ ቆመው ተቀበሉን። ልጃቸው እንግዳው ሙስሊም መሆኑን አስቀድሞ ነግሯቸዋልና ገና ከመቀመጤ «መታጠቢያ ውሃው ከጓሮ ተቀምጦልሃል። ወዴት ነው ዞራችሁ የምትሰግዱት?» ብለው ጠየቁኝ። ከዲማ ቂብላው ወደ ሰሜን ሆኖ ጥቂት ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል። ባሳየኋቸው ጊዜ «እንግዲያስ በበሬዎቹ ጋጣ በኩል ነው፤ ከዚህ ወገን ሁን፣ ንጹሕ ነው» ብለው አዲስ ሰሌን አነጠፉልኝ።

ዙሁርንና ዐስርን በመንገደኛ ደንብ አሳጥሬና አጣምሬ ሰገድኩ። ሳሰላምት ከኋላዬ የታፈነ ሣቅ ሰማሁ። ሦስት የልጅ ልጆቻቸው ተሰልፈው እኔ ስነሣ ሲነሡ፣ እኔ ስወድቅ ሲወድቁ ኖረዋል። ትንሹ ግንባሩ ላይ አፈር ይዞ ቀርቷል። የኔታ በትራቸውን አንሥተው ሊቆጡ ሲሉ «ተዋቸው የኔታ፣ አልበደሉኝም» አልኩ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሱጁድ ላይ ሳሉ የልጅ ልጃቸው ከጀርባቸው ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። እሳቸውም ልጁ እስኪጠግብ ብለው ሱጁዳቸውን አስረዘሙ። ይህን ሐዲሥ ነሳኢ ዘግበውታል። እኔ በዚያ በዩኒቨርሲቲ ዘመኔ ቢሆን ኖሮ ግን እነዚያን ልጆች እቆጣ እንደ ነበር አውቃለሁ። ሐዲሡን ያኔም አውቀው ነበር።

ማዕዱ የቀረበው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጾማቸው ሲፈታ ነው። የአካባቢው ነጭ ጤፍ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ የሱፍ ፍትፍት። እመቤቲቱ ለእንግዳ የማይቀረውን ጠላ ቀድተው መጡና ከመሐል መንገድ ቆም ብለው «ወይ ጉዴ! ለካ አንተ…» ብለው ሣቁ፤ በተልባ ለወጡልኝ። ከዚያ ቡናው ተፈላ፤ ቆሎው ቀረበ።

ሰምና ወርቅ

የኔታ ስለ ተማሪነታቸው ያወጉኝ ጀመር። ደበሎ ለብሰው፣ አኩፋዳ አንግተው፣ በየደጁ ቁራሽ እየለመኑ፣ ከውሻ ጋር እየታገሉ ነው የተማሩት። ሁለት ስንኝ ካላት ከጉባኤ ቃና ይጀምራሉ፤ ከዚያም እያደር ወደ ረጃጅሞቹ ይሸጋገራሉ። አባቴ ስለ ወሎ ደረሶች ያወራኝ የነበረው ትዝ አለኝ። የኛም ደረሶች ከቤታቸው ርቀው፣ ከሸኻቸው እግር ሥር ተቀምጠው፣ የመንደሩን እንጀራ እየለመኑ ቁርኣኑን፣ ፊቅሁንና ነሕዉን ቀርተዋል። አማርኛን በዐረብኛ ፊደል እየጻፉ መንዙማ የገጠሙት እንደ ሸኽ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር ያሉ ዓሊሞችም የወጡት ከዚያው ከወሎ ነው። እምነታችን ለየብቻ ነው፤ በዚህ ላይ ብዥታ የለኝም። ረሃቡና የዕውቀት ጥማቱ ግን አንድ ዓይነት ነበር።

«ያ ሁሉ መከራ እያለ ትስቁ ነበር?» አልኳቸው።

«ባንስቅማ ረሃቡ ይገድለን ነበር። ውሻ የነከሰው ተማሪ በውሻው ላይ ቅኔ ይቆጥርበታል፤ ጉባኤው ይስቃል፤ ቁስሉም ይረሳል» አሉኝ።

ለዓመታት በሆዴ ይዤው የነበረውን ጥያቄ አወጣሁት። «የኔታ፣ ሰው ሃይማኖቱን ከያዘ በኋላ ሣቅና ጨዋታ አይጎዳውም?»

ጥቂት ዝም አሉና «ልጄ፣ ቅኔ የሚመጣው ልብ ሲፈታ ነው። ልቡ የታሰረ ተማሪ ሰሙን ይዞ ይቀራል እንጂ ወርቁ አይገባውም። በእናንተስ ቤት እንዴት ነው?» ብለው ጥያቄውን መለሱልኝ።

ምን ልበላቸው? የመጣልኝ ገና በመድረሳ ሳለሁ የቀራሁት አንድ ሐዲሥ ነበር። አንድ ሰው ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥቶ የሚጫነው ግመል እንዲሰጡት ጠየቃቸው። እሳቸውም በግመል ልጅ ላይ እንደሚያስቀምጡት ነገሩት። ሰውየው ደንግጦ፣ ግልገል ምን ያደርግልኛል አለ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ግመል ሁሉ ከግመል የተወለደ አይደለም ወይ ብለው መለሱለት። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል።

የኔታ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አሰቡ። ከዚያ ከት ብለው ሣቁ፤ እንባቸው እስኪወርድ። «ይህማ ቅኔ ነው! የግመል ልጅ ብሎ ሰሙ ግልገሉ፣ ወርቁ ደልዳላው ግመል! ደግሞስ ምኑ ውሸት ሆነ? ሁሉም እውነት ነው!» አሉ። ሚስታቸውን ጠርተው ነገሩዋቸው፤ ልጆቹን ጠርተው ነገሩዋቸው።

እኔ ግን ሣቁን ትቼ በሐሳብ ጠፋሁ። ሽማግሌው በአንድ ቅጽበት ያገኙትን እኔ በአሥራ ሁለት ዓመቴ በቃሌ አጥንቼው፣ ቃሉን በነሕው ደንብ ፈትቼው፣ አንድ ጊዜም ሣቄ መጥቶ አያውቅም። ሰሙን ይዤ ወርቁን ጥዬው ኖሬአለሁ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ይቀልዱ እንደ ነበር፣ ግን ከእውነት በቀር እንደማይናገሩ ሰሃባዎች መስክረዋል። የአነስ (ረ.ዐ) ታናሽ ወንድም የሆነው ትንሹ አቡ ዑመይር የሚጫወትባት ወፍ ነበረችው፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) የልጁንና የወፏን ስም ቤት እያስመቱ ስለ ወፉ ይጠይቁት ነበር። በዒድ ቀን ሐበሾች፣ የእኛው አገር ሰዎች፣ በመዲና መስጊድ ውስጥ በጦርና በጋሻ ሲጫወቱ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ትከሻ በኩል እያየች ነበር፤ እሳቸውም እሷ እስክትሰለች ድረስ አልተንቀሳቀሱም። እነዚህ ሁለቱ በቡኻሪና በሙስሊም የሰፈሩ ናቸው።

ከሁሉ በላይ የነካኝ ግን የሐንዞላ (ረ.ዐ) ነገር ነው። ይህ ሰሃባ «ሙናፊቅ ሆኛለሁ» ብሎ እየተጨነቀ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሄደ። ከእሳቸው ዘንድ ሲሆን ጀነትና ጀሀነም በዓይኑ የሚታዩት ያህል ይሆናል፤ ቤቱ ሲገባ ግን ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ሲጫወት፣ በኑሮው ሲጠመድ፣ ብዙውን ይረሳዋል። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ሁልጊዜ በዚያ ሁኔታ ቢቆዩ ኖሮ መላእክት በመንገድና በአልጋቸው ላይ ሆነው ይጨብጧቸው እንደ ነበር ነገሩት። የሰው ልጅ ግን ለዚያም ጊዜ፣ ለዚህም ጊዜ አለው። ሙስሊም የዘገቡትን ይህንን ሐዲሥ ባስተዋልኩ ጊዜ፣ ከልጆች ጋር የሚሣቅባት ሰዓት ከኢማን የተሰረቀች ሳትሆን አላህ ለሰው የፈቀዳት ድርሻ መሆኗ ገባኝ።

ያልጠየቅሁት ነገር

ሊመሻሽ ሲል የኔታ አሉ፦ «የሞጣውን ነገር ሳታነሣ ዋልህ። እኔ ላንሣው። ያን ሰሞን የሰው ፊት ማየት አፍሬ ነበር። የእግዜር ቤት እያለ የሚለምን ሰው የሰውን መለመኛ አያቃጥልም።»

ሁላችንም ዝም አልን። ያ ዝምታ ከአባቴ ቤት ዝምታ የተለየ ነበር። የሚሣቅበት ነገር አለ፤ የማይሣቅበትም አለ። ኑሮን ቀለል ማድረግ ማለት በደልን መርሳት ወይም በደል የለም ማለት አይደለም። የበደሉንን ጥቂቶች ከሰሌን ካነጠፉልን ሽማግሌ ጋር አለመቀላቀል ግን ፍትሕ ነው። ቆቤን ከኪሴ አውጥቼ አደረግሁ። የኔታ አይተው «ምነው እስካሁን? ብርዱ የጎጃም መሆኑን አሁን ነው ያወቅኸው?» አሉኝ። ይህኛው ሣቅ ከጉሮሮዬ አለፈ።

በማግስቱ ጓደኛዬ ከገዳሙ ወሰደኝ። ወደ ቅጽሩ አልገባሁም፤ ከውጭ ዛፎቹንና የተማሪዎቹን ጎጆዎች አይቼ ቆምኩ። አባቴ ያላያት ዲማ ይህቺ ናት። ዱዓ አደረግሁለት፤ ተመለስን።

ለቤታችን

ይህን ያነሣሁት ሁሉም ቀልድ ደህና ነው ለማለት አይደለም። ዲናችን ለሣቅ ወሰን አበጅቶለታል። ሰውን ለማሣቅ ብሎ መዋሸት በሐዲሥ በጥብቅ ተወግዟል። በሰው ላይ መሳለቅንና ክፉ ቅጽል ስም ማውጣትን ቁርኣን በሱረቱል ሑጁራት ከልክሏል። ለጨዋታ ብሎ ሰውን ማስደንገጥም አይፈቀድም። ወሰኑ ይህ ከሆነ ውስጡ ሰፊ ነው። ልጃቸው ዲኑን የያዘላቸው ወላጆች ደስ ይበላቸው፤ ፊቱ ከጠቆረ ግን በዝምታ አይለፉት፤ የግመሉን ታሪክ ይንገሩት። አንተም ወንድሜ፣ አንቺም እኅቴ፣ ሌሊት ተነሥታችሁ በሱጁድ ካለቀሳችሁ በኋላ ጠዋት እናታችሁን አሥቁ። የሌሊቱን እንባ አላህ ይየው፤ የጠዋቱን ፈገግታ ቤተሰብ ይየው። ፈገግታም ሶደቃ መሆኑን ተምረናል።

ረመዷን የገባው ከተመለስኩ ከጥቂት ሳምንት በኋላ፣ በመጋቢት ወር ነው። በመጀመሪያው ቀን ከኢፍጣር በኋላ እናቴ ዘንድ ተሰብስበን ሳለ የግመሉን ነገር ለልጆቼ አወራሁላቸው፤ የየኔታን ሣቅ ጨምሬ። ልጆቹ ተንከባለሉ። እናቴ ግን አፏን በነጠላዋ ይዛ ታየኝ ጀመር።

«ምነው እማዬ?» አልኳት።

«አባትህ ይቺን በየረመዷኑ ያወራት አልነበር እንዴ?» አለችኝ። «አንተ ያኔ ኪታብህን ይዘህ ከጓዳ ነበርክ።»

ከዚያ ተነሥታ ያንን የብስኩት ቆርቆሮ ከአልጋ ሥር አወጣችው። ካሴቶቹ በተራ ቁጥር፣ በአባቴ እጅ ጽሑፍ ተጽፎባቸው እንዳሉ አሉ። የሚያጫውታቸው ቴፕ ከቤት አልነበረም። እስካሁን እየፈለግሁ ነው፤ ያለው ሰው ቢያውሰኝ በአደራ እመልሳለሁ።

አላህ (ሱ.ወ) ለአባቶቻችን ይዘንላቸው። ቤቶቻችንን ዚክርና ሣቅ የማይጣሉባቸው ቤቶች ያድርግልን። አሚን።